እጅ ወደ ላይ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። በደርግ ጊዜ ደፋር ነበርኩ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ወይ ያኔ አልተወለደም ወይ ይዋሻል እላለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም ለልጆቼ ብዬ ፈርቼ ኖርኩ።

ሥራዬ ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ፋብሪካ የጥበቃ ክፍል ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ነበር። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ይስቁብኛል። ቴሌቪዥን አይቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው አይተው አያውቁማ! የኔው ቴሌቪዥን ግን ዜናም ዘፈንም የለውም። መጋዘኑ ጣሪያ ሥር የተሰቀለው ካሜራ የሚያየውን ያለ ድምፅ ያሳየኛል፣ በቃ። ከጎኑ ቀይ ቁልፍ አለ። እሱን ሲጫኑት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ዘንድ ደወል ይጮኻል፤ ጠመንጃቸውን ይዘው እየሮጡ በኋላ በር ይመጣሉ። እነሱ ከመጡ ማን ነህ የሚል የለም፤ መጀመሪያ ይተኮሳል።

ካሜራው ተበላሽቶ ሰነባብቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ አንድ ፈረንጅ ባለሙያ መጥቶ ጠገነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት መሥራቱን የምናውቀው እኔና የፈረቃው ኃላፊ ብቻ ነበርን። ኃላፊዬ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሃምሳ አለቃ እንላቸዋለን። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ከጦር ሜዳ ቆስለው ስለመጡ በር ሲንኳኳም ይደነግጣሉ።

ባሌ እዚያው መጋዘን ውስጥ ጭነት አውራጅ ነበር። ያን ዕለት ከልጆቹ ጋር ቤት እንደሚውል ነግሮኝ ነው መካኒሳ ካለው ቤታችን የወጣሁት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠላ ትቷል። እኔ ሞኟ፣ ጨጓራው ነው ብዬ ተልባ አጠጣዋለሁ።

ረፋዱ ላይ ስክሪኑ ላይ ሰዎች ታዩኝ። አምስት ስድስት ይሆናሉ። በተደረደረው ጆንያ መሃል ቆመው ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ያለቅሳል። ሃምሳ አለቃ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ሻያቸው ተደፋ።

«ጠመንጃ ተደግኖባቸዋል!» አሉ። «ሌባው ካሜራው የማያየው ጥግ ቆሟል ማለት ነው።»

አፌን ሳልከፍት ቁልፉን ተጫኑት።

ለእሳቸው እጅ የሚነሳው ለአፈሙዝ ብቻ ነው። እኔ ግን ጴንጤ ጎረቤቶች ነበሩኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ መስኮት ዘግተው በሹክሹክታ ሲጸልዩ፣ ወንፊት ልዋስ ገብቼ አይቻቸዋለሁ። እንዲህ ነው የሚቆሙት። ይህን እያሰብኩ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የነበረው ሰው ዞረ። ባሌ ነው።

ዝም ብል፣ ሌባ አለ ብለው እየተኮሱ ይገባሉ። ብናገር፣ በዚያ ዘመን ጴንጤነት ራሱ ያሳስራል፤ ገብቶ የቀረም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን ግን ዝምታዬ ባሌን ሊያስገድለው ነው።

«ሃምሳ አለቃ» አልኩ። «ሌባ የለም። እየጸለዩ ነው። ጴንጤዎች ናቸው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ያ አሁን የዞረው ባሌ ነው።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ስክሪኑን አዩ። «ምነው ልጄ፣ ምነው ቀደም ብለሽ ብትናገሪ!» ብለው ፊሽካቸውን አንስተው ወጡ። መጋዘኑ የግቢው ዳር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ያነክሳሉ።

ብቻዬን ቀረሁ። የመጋዘኑ በር ተበረገደና ጠመንጃ የያዙ ሦስት የአብዮት ጥበቃ ጎረምሶች ገቡ። እጅ ወደ ላይ ማለታቸውን አፋቸውን አይቼ አወቅኩ። እጅማ ድሮም ላይ ነው! ባሌ ዓይኑን ገለጠ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ደንግጦ እጁን ወደ ደረቱ አወረደ። አንደኛው አነጣጠረበት።

«አታውርድ!» ብዬ የቴሌቪዥኑን መስታወት ደበደብኩት። «አንተ ሰው፣ አታውርድ! ኧረ እመቤቴ!»

ሃምሳ አለቃ ፊሽካውን እንደነከሱ ገብተው መሃላቸው ቆሙ። አልተተኮሰም።

ለእስር አሰልፈው በመስኮቴ ሥር ሲያሳልፏቸው ባሌ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጆቹ ጎረቤት ናቸው» አለኝ።

የተፈታው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ግን ይፈታል ብሎ የሚነግረኝ አልነበረም። ተተኪ ሳይመጣ ከቦታዬ መነሳትም አልችል፤ ተመልሼ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። መጋዘኑ ባዶ ነው። አንዱ ጆንያ ላይ የባሌ ኮት ተቀምጧል፤ ሲጸልይ አውልቆት ኖሯል። ወሩ ኅዳር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። እስኪመሽ ድረስ ኮቱን ስጠብቅ ዋልኩ።