አፏ ያበጠ አሣ

እናቴ የጥርስ ክሊኒክ ታጸዳለች። ተራ መጠበቂያው ክፍል፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከሐይቅ የመጣች ጣት የምታህል አሣ አለች። ሰሞኑን አፏ አብጦ እህል አልቀምስ አለች። ሐኪሙ "ጥርሷን ልንቀልላት እንዴ?" እያለ ይቀልዳል።

እናቴ ግን አንጀቷ አልቻለም። የሆነ ነገር ተሰንቅሮባት ይሆናል ብላ በመረብ ስታወጣት፣ ጥቃቅን የአሣ ልጆች ከአፏ ዝርግፍ አሉ። ደንግጣ ውሃው ውስጥ ስትመልሳቸው ተሯሩጠው እዚያው አፏ ውስጥ ገቡ።

ሐኪሙ ሳቀ። "ሦስት ሳምንት ጦሟን ትይዛቸዋለች፤ ከዚያ ራሳቸውን ይችላሉ።"

አመሻሽ ላይ እናቴ እግሯን እየጎተተች ቤት ስትገባ፣ ሠላሳ ዓመት የደፈነው ወንድሜ ከሶፋው ሳይነሳ "እማዬ፣ የሚበላ አለ?" አላት።

ቦርሳዋን እንደያዘች አፍጥጣ አየችው።

"ሦስት ሳምንት ብቻ!" አለችና ድስቱን ጣደች።