ጠጅ ያልነበረ አቼቶ

የአዋሳ ክረምት እንደ ደጋ አገር ክረምት አጥንት አይሰብርም። ግን ሐይቁ ማለዳ ማለዳ የሚልከው እርጥብ ነፋስ አለ፤ በመስኮት ስንጥቅ ይገባና ሰው ደረት ላይ ጉብ ይላል። ሐምሌ ሲገባ ከአዲስ ከተማ እስከ አሞራ ገደል የማያስል አይገኝም። ዓሣ ሻጮቹ ራሳቸው ዋጋ የሚጠሩት በጎረነነ ድምፅ ነው።

እኛ ቤት የዚህ መድኃኒቱ አቼቶና ማር ነው። እናቴ ለበዓል ጠጅ ስትጥል ከተረፈው ጥቂቱን በማሰሮ ታስቀምጥና ሆን ብላ ትረሳዋለች። ጠጁ ውሎ አድሮ ይሆመጥጥና አቼቶ ይሆናል። ከዚያ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ ጦስኝና ትንሽ ጤና አዳም ይጨመራል፣ አቼቶው ይፈስበትና ጠርሙሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰነብታል። በመጨረሻ በንጹሕ ሻሽ ይጠለልና ከማር ጋር ይለወሳል። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ በለብ ያለ ውሃ ይጠጣል። ሲወርድ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ወዲያው ማሩ ከኋላ ደርሶ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ በጣም ነው የምወደው።

ካቻምና ክረምት ግን ይህ መድኃኒት አጥራችንን መሻገር አቃተው።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእናቴ ከፍ ይላል፣ ሃይማኖታቸው ጴንጤ ነው። ማሩን የሚያመጡልን እንኳ እሳቸው ናቸው፤ ወንድማቸው ከገጠር በቅል ይልክላቸዋል። እናቴ በዚህ ትቀልድባቸዋለች።

«ማሩን ይሰጡኛል፣ ጠጁን ይኮንኑብኛል።»

«እኔ የሰጠሁሽ ማር ነው» ይላሉ እሳቸው። «ያሰከርሽው አንቺ ነሽ።»

በዚያን ጊዜ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ በራቸውን ከፍተው ስለሚዘምሩ ይህን መጻፌ ማንንም አይጎዳም፤ እሳቸውንም አስፈቅጃለሁ። ያኔ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሴቶች ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ ጓሮ ቤት ይሰበሰቡና በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ጎረቤታችን አንድም ሐሙስ ቀርተው አያውቁም። በዚያ ክረምት ግን ሳል ያዛቸው። ሳል ስል እንዲሁ ሳል አይደለም፤ እሳቸው እዚያ ሲያስሉ የእኛ ዶሮዎች እዚህ ይደነብራሉ። ክሊኒክ ሄደው ሽሮፕ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሽሮፑ አለቀ፣ ሳሉ አላለቀም። በሹክሹክታ መሀል እንዲህ ያለ ሳል ከመንገድ ይሰማል። ስለዚህ ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸው መሄድ ተዉ።

«በእኔ ደረት ሰው አላስይዝም» አሏት እናቴን።

ሐሙስ ሲመጣ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ጎመኑን ግን አያዩትም፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። እኔ ይህን ማየት አልቻልኩም።

እናቴ መድኃኒታችንን በጠርሙስ ወሰደችላቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት።

«ይሄ ጠጅ ነበር፣ አይደል?»

«ነበር። አሁን ሆምጣጤ ነው። ሆምጣጤ በመጽሐፍም አለ።»

«አለ። ማን ለማን እንደሰጠው ግን ረሳሽው?»

እናቴ እየሳቀች ጠርሙሷን አቅፋ ተመለሰች። እኔ ግን ያኔውኑ ወሰንኩ፤ ጠጅ ሆኖ የማያውቅ አቼቶ እሠራላቸዋለሁ።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ከማንኛውም ጣፋጭ ፍሬ አቼቶ ይወጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር። የሰማሁትም ያችን ብቻ ነው። አናናስ ስንበላ ልጣጩን ሰብስቤ አጠብኩ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨመርኩበት፣ ከቀበሌ ሱቅ ከመጣው ስኳር ጥቂት ማንኪያ ለመንኩ።

«የወሩ ስኳር ነው» አለች እናቴ። «ሻዩ ሲመር የምትጠጪው አንቺ ነሽ።»

ከሰጠችኝ በኋላ ደግሞ አዘነችልኝ። «ከእኔ አቼቶ አንድ ጭልፋ ጨምሪበት፤ እንደ እርሾ ሆኖ ቶሎ ያደርስልሻል።»

«የአንቺማ ጠጅ ነበር።»

«አንቺም ጴንጤ ሆንሽ?»

ማሰሮውን በሻሽ ሸፍኜ ጓዳ አስቀመጥኩት። ጥቂት ቀን ቆይቶ መንሾክሾክ ጀመረ። ጆሮዬን ሳስጠጋ እንደ ትንሽ ዝናብ ይሰማል፤ ደስ ብሎኝ ሰው ሁሉ እየጠራሁ አሰማ ነበር። በዚሁ ሰሞን ጎረቤታችን ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ጓዳው በር ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ከፍ አደረጉ።

«የማን ጥንስስ ነው?»

«ጥንስስ አይደለም፣ አቼቶ ነው። ለእርስዎ ነው» አልኩ። «ጠጅ ሆኖ አያውቅም።»

ሻሹን ገለጥ አድርገው አሸተቱ። «ልጄ፣ ይህ ጠጅ ሆኖ አያውቅም ነው የምትዪኝ? ሊያገባ የደረሰ ጠጅ ነው» አሉና ወንፊቱን ይዘው ወጡ።

ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አስተማሪያችንን ፍለጋ ምሥራቅ ሰፈር ድረስ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ጫማ እያደረቁ አገኘኋቸው።

«ስኳሩ መጀመሪያ አልኮል ይሆናል፣ አልኮሉ ደግሞ አሲድ» አሉኝ። «ሌላ መንገድ የለውም።»

«መሀሉን መዝለል አይቻልም?»

«ከስድስተኛ ክፍል ወደ ስምንተኛ ይዘለላል?»

«እኔ ደብል መትቻለሁ እኮ።»

ሳቁ። «አንቺ መትተሽ ይሆናል። አቼቶ ደብል አይመታም።»

በጭቃው እየተንሸራተትኩ ስመለስ ደስታዬ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። ማሰሮው ግን የእኔን ሐዘን ከምንም አልቆጠረውም። መንሾክሾኩን ተወ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አወጣ፣ ነሐሴ ላይ ስቀምሰው ዓይኔ ተጨፈነ። የምር አቼቶ ሆኗል፤ እንዲያውም ከእናቴ አቼቶ ይበልጥ ይኮመጥጣል። ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጦስኙንና ጤና አዳሙን ዘፍዝፌበት፣ ጠልዬ፣ ከራሳቸው ማር ጋር ለወስኩት። ቀለሙ እንደ ወርቅ ነው። ቀረኝ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አስተማሪው ያሉኝን ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው?

«ማን ጠየቀሽ?» አለች እናቴ። «ዝም በይ። ይጠጡና ይዳኑ።»

ዝም ብል ይጠጡታል፤ እኔን አምነው ይጠጡታል። ብናገር ጠርሙሱን ይመልሱልኝና እስከ መስከረም ጎመን ሲቀነጥሱ አያቸዋለሁ። አጥሩን ስዞር ገና አልወሰንኩም ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን አፌ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ጠጅ ሆኖ አያውቅም ያልኩዎት ልክ አልነበረም። አሁን አቼቶ ነው። መሀል ላይ ግን የሚያሰክር ነበር። ያን ቀን ሲያሸቱት ልክ ነበሩ።»

ሊመልሱልኝ ሲሉ ሳላቸው መጣ። አስለው ሲጨርሱ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ በፊት ምን እንደነበርኩ እናትሽ ነግራሻለች?»

«አልነገረችኝም።»

«አረቄ አወጣ ነበር፣ አንቺ ሳትወለጂ። ከገበያው ጀርባ የእኔን አረቄ ያልጠጣ ሹፌር አልነበረም። ራሴም እጠጣ ነበር። ጌታ ሲያገኘኝ በፊት ምን ነበርሽ ብሎ አልመለሰኝም። አሁን እኔ ይህን በፊት ምን ነበርክ ልበለው?»

«የእናቴንስ ታዲያ ለምን መለሱት?»

«እናትሽ እስክጠይቃት ዝም አለች። አንቺን አልጠየቅሁሽም፤ ራስሽ ነገርሽኝ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ማንኪያ ሰጠኋቸው። ዋጡትና ፊታቸው እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሆነ፤ ለረጅም ጊዜም እንደዚያው ቆየ።

«ይህን ጠጥቶ የሰከረ ሰው ካለ» አሉ በመጨረሻ፣ «አምጪና አሳዪኝ።»

ሳሉ በአንድ ቀን አልጠፋም። መጀመሪያ ዶሮዎቻችን መደንበር ተዉ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሆነ። አንድ ሐሙስ በርጩማቸው ደጅ ላይ አልወጣም፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ጓሮ ቤቱ አቅጣጫ ሲሄዱ በአጥር ቀዳዳ አየኋቸው። ማታውኑ ባዶ ጠርሙሱን ይዘው መጡ።

«እዚያ ሌሎች የሚያስሉ አሉ» አሉ። «አንዷ ከእኔ የባሰች ናት። ግን ጠያቂ ናቸው፤ እኔ ብነግራቸው አይበቃቸውም። በሚቀጥለው ሐሙስ አንቺ መጥተሽ ንገሪያቸው።»

እናቴን አየኋት። «ሂጂ» አለች። «ማተብሽን ግን እንዳትደብቂ።»

ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተዋል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ስለ ስኳሩ፣ ስለ መሀሉ፣ ስለ አሲዱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሚያሰክር ነበር ያልኩበትንም ቦታ አልዘለልኩም። ጎረቤታችን «እኔን የምታውቁ ይህንንም ጠጡት» አሉ። ማንኪያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዱ ፊት ሌላውን እየተከተለ ተጨማደደ። አንዷ ሳቅ አመለጣት፤ ሌሎቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የቤቱ ባለቤት ወጣ ብለው መንገዱን አይተው ተመለሱ።

«ማንም የለም» አሉ።

ከዚያ በሲዳምኛ መዘመር ጀመሩ፣ ከዝናቡ በታች ዝቅ ብለው። ጎረቤታችን አጠገቤ ነበሩ፤ ጆሮዬን እሳቸው ላይ ጥዬ ጠበቅሁ። መሀል ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ወደ በሩ ዞርኩ። እሳቸው ግን ከሁሉም ቀድመው የሚቀጥለውን ስንኝ አነሱ።