ከሞተርህ ውረድ!

«የድሮ ሰው መከባበር ያውቅ ነበር» ሲባል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ማን ማንን ያከብር እንደነበረ እኔን ጠይቁኝ። እኔ ባላባቱን አከብር ነበር፤ ባላባቱ በቅሏቸውን ያከብሩ ነበር፤ መከራውን የሚያየው ደግሞ የሞተር ብስክሌቴ ፍሪሲዮን ነበር።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ሥራዬ መርፌና መድኃኒት ጭኜ አንኮበር ማድረስ ነው። የሰጡኝ ሞተር ከእኔ በፊት ስንቱን መሬት ያስላሰ አሮጌ የእንግሊዝ ሥሪት ነው። ሜዳው ላይ ብርዱ ጣት ከማደንዘዙ በቀር ክፋት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ስመለስ፣ ከአንኮበር የሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። መንገዱ ባንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው፤ ሁለት የተጫኑ አህዮች ጎን ለጎን ቢያልፉበት ይተሻሻሉ ነበር።

እዚያች ዳገት ላይ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱትን ባላባት የማገኛቸው። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከእርሱ የሚበልጥ ሲያገኝ ወርዶ፣ እጅ ነስቶ ማሳለፍ የአገሩ ወግ ነው። በበቅሎ ይሁን፤ አልጠላም። በቅሎ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሲወጡባት መንገዷን ትቀጥላለች። ሞተር ግን ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ ማስነሣቱ ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ቀን አሽከሮቻቸው ዱላቸውን አጋድመው መንገዱን ዘጉብኝ።

«ከሞተርህ ውረድ! ጌታ ሲያልፉ አታይም?»

«መድኃኒት አድርሼ መመለሴ ነው፤ ዳገት ላይ ከቆመ አይነሣልኝም» አልኩ።

«ታዲያ እኛ ምን አገባን? ውረድ!»

ወረድኩ። ባላባቱ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ አለፉ። እኔ ሞተሬን ረግጬ አስነሣሁና አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። እንደ በሬ አንዴ ፈንጠር አለና ጠፋ። ደገምኩት፤ ወደ ኋላ ወደ ገደሉ አንሸራተተኝ። በሦስተኛው ቤንዚን አብዝቼ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዤ ብቆይ የተቃጠለ ቡሽ ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም። እስከ አፋፉ ድረስ እየገፋሁ ወጣሁ። የአሽከሮቹ ሳቅ ከታች ይሰማኛል። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ጎማው ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ ነው። የእኔው ዲስኮች በየቀዳዳቸው ቡሽ ተሰክቶባቸዋል። ቡሹ ሲነክስ ጎማው ይዞራል፤ ሲያንሸራትት ያልቃል። ለአለቃዬ ነገርኳቸው፤ የባላባቱን ጠጅ የሚጠጡ ሰው ናቸውና «ብትወርድ ወገብህ ይቀነጠሳል?» አሉኝ። መለዋወጫ ብጠይቅ «ትእዛዙ ሄዷል» ተባልኩ። ትእዛዙ እስካሁንም እየሄደ ይሆናል።

ቢቸግረኝ ቡሽ ከቡና ቤት ለመንኩ። የወይን ጠጅ ጠርሙስ መክደኛ ነው። ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ በምላጭ ቆራርጬ፣ በየቀዳዳው ጠቀጠቅኩት። መጀመሪያ ላይ ቁመታቸውን ሳላስተካክል ገጠምኳቸው፤ ጥቂቶቹ ብቻ ሥራውን ተሸክመው ወዲያው አረሩ። ቀጥሎ ሁሉንም በሞረድ ሞርጄ በመስኮት መስተዋት ላይ እያስተኛሁ አስተካከልኩ። ዲስኮቹን አጣብቀው የሚይዙትን ሞላዎችም እንዲሁ። አንዱ ጠብቆ አንዱ ሲላላ ዲስኩ ተንጋዶ ይነሣል፤ ያኔ ፍሪሲዮኑ ቢያዝም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሁሉንም አጥብቄ እንደሆነ ደግሞ እጄ መያዣውን መጭመቅ ያቅተዋል፣ በዚያ ላይ ብርድ አለ። እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ እየተሳደብኩ ልኩን አገኘሁት።

የቀረው የእጅ ነገር ነው። ድንገት መልቀቅ ሞተሩን ይገድላል፤ ማባበል ቡሹን ይፈጃል። በመካከል አንድ ቦታ አለች። ቡሹ ገና ሲነክስ የሞተሩ ኋላ ትንሽ ቁጢጥ ይላል፤ መቀመጫህ ይነግርሃል። እዚያች ላይ በሁለት ጣት ይዘህ፣ ቤንዚን ጨምረህ፣ ደረትህን ወደፊት ጥለህ ትለቃለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያወረዱ ባላባቱ ናቸው ያስተማሩኝ ማለት ነው። አላመሰግናቸውም! ገደል አፋፍ ላይ ቁም ተብሎ የተማረ ሰው ምስጋና የለበትም።

አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ባላባቱም ባሉበት አቤት አልኩ። መድኃኒት የሚያመላልስ ሰው በመንገድ አይውረድ ነው አቤቱታዬ፤ ሌላ አልጠየቅኩም። ባላባቱ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

«ይህ ብረት ጩኸት እንጂ ምን አለው? ከፈረሴ እኩል ቆሞ ይነሣ። ከቀደመ ያቀረብከውን ሽማግሌ ይይልህ። ከተቀደመ ግን ወርደህ ብቻ አትቀርም፣ በገበያው መካከል ብረትህን እየገፋህ ታልፋለህ።»

ብልህ ናቸው። ለውድድሩ የመረጡት ፈረስ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን አጭር ሜዳ ነው። በረጅም መንገድ ሞተር እንደሚቀድም ሕፃንም ያውቃል፤ ከቆመበት ሲነሣ ግን ፈረስን የሚያህል የለም። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ፤ ቀኑንም ለጥምቀት ቆረጡ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ሜዳው በሰው ተከበበ። የእርሳቸው ፈረስ ቡላ ነው፣ በኩፌታ አጊጦ መሬቱን ይጎደፍራል፤ የተቀመጠበት አሽከራቸው መጀመሪያ ቀን ዱላ ያጋደመብኝ ነው። ሣሩን የምንጭ ውሃ ስለሚያርሰው የኋላ ጎማዬ እንዳይንሸራተት ነፋሱን ቀነስኩ፤ ወደ ኋላም ተስቤ ተቀመጥኩ። ዳገት ላይ ወደፊት ነው፣ ርጥብ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ነው። ያችን ቁጢጥ ያዝኳት። አንድ ሪዛም ሽማግሌ ለመነሻው ምልክት ነጠላቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣሉት።

ፈረሱ በመጀመሪያው ዝላይ ጥሎኝ ሄደ። ሕዝቡ «እልል!» አለ። እኔ ግን ጎማዬ መሬቱን ነክሶ ነበር፤ አልተንሸራተተም፣ አላፈነገጠም። ሜዳው ሲጋመስ ከኮርቻው እኩል ሆንኩ። መድረሻ የተባለው ዛፍ ጋ ስደርስ የፈረሱ አንገት ከትከሻዬ ኋላ ነበር። ማንም አልካደም፤ ፈረሰኛው ራሱ ወርዶ «ቀድሞኛል» አለ።

እንግዲህ ፍርዱ። ባላባቱ ካባቸውን ሰብስበው ቆሙ።

«ቀድሟል፤ አልዋሽም። ግን ፈረሴ ቢቀድም ኖሮ የጋለበው አሽከሬ ለእኔ መውረዱን ይተው ነበር? አይተውም። የሮጠው ብረቱ ነው። እንግዲህ ብረቱ ይከበር፤ ለማንም ከመንገድ አይገለል፣ ማንም እጁን አያሳርፍበት። ይኼ ሰውዬ ግን ሰው ነው፤ ይውረድ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ‹ኧረ ይሄ ነውር ነው› የሚል ጠፋ! ሪዛሙ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንዲሁ ይሁን» አሉ። እጄ ፍሪሲዮኑን ሲይዝና ሲለቅ ማን አየ? ምላጩን፣ ሞረዱን፣ የቆሰለ ጣቴን ማን ቆጠረው? ብረቱ ብቻውን ሮጧል ተባለ። ያን ዕለት እህል ሳልቀምስ ገባሁ። እንዲህ የነደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በተከታዩ ቅዳሜ ከአንኮበር ስመለስ እዚያችው ዳገት፣ ከሁሉም ጠባቡ ቦታ ላይ ተገናኘን። እርሳቸው በበቅሎ ይወርዳሉ፣ ሪዛሙ ሽማግሌ በእግራቸው አብረዋቸው አሉ። አሽከሮቹ ሳይጮኹብኝ ወረድኩ። ሞተሩን መንገዱ መካከል አቆምኩት፤ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስደገፍኩ፤ አላጠፋሁትም። ከዚያ ጥግ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ደንበኛ እጅ ነሣሁ።

በቅሎዋ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ጆሮዋን አቁማ ወደ ኋላ አለች። ተመታች፤ ባሰባት። አንድ አሽከር ሞተሩን ሊገፋ መጣ።

«ተው!» አልኩት። «ከመንገድ አይገለል፣ ማንም እጁን አያሳርፍበት ተብሏል።»

ባላባቱ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሽማግሌው ሪዛቸውን ዳሰሱ።

«እውነቱን ነው፤ የእርስዎው ቃል ነው» አሉ።

ባላባቱ ገደሉን አዩ፣ ቋጥኙን አዩ፣ ሞተሩን አዩ። ከዚያ የአሽከራቸውን ትከሻ ይዘው ወረዱ። ካባቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ በሌላው በቅሎዋን ስበው፣ ጀርባቸውን ቋጥኙ ላይ ለጥፈው በሞተሬ አጠገብ አለፉ። ለማለፍ አንገታቸውን ደፋ ማድረግ ነበረባቸው፤ ቋጥኙ እዚያ ጋ ወጣ ይላል።

ካለፉ በኋላ ሞተሬ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጢጥ አለልኝ፤ በሁለት ጣቴ ለቀቅኩት፤ ስንዝር እንኳ ወደ ኋላ ሳይል ተነሣ። ከአፋፉ ዞሬ ሳይ ባላባቱ ገና ዳገቱ ላይ፣ አልቆም ካለች በቅሎ ጋር፣ ልውጣ ብለው ይታገላሉ። እግራቸው እርካብ አላገኘም። አሽከሮቹ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም፤ ቁጣዬ ገና አልወጣልኝም ነበር።