ልጄ ማግኔት ውስጥ የተኛች ዕለት

የልጄን ጉልበት መታመም የነገረኝ ሐኪም አይደለም፤ እሷም አይደለችም። ዙሁር ስትሰግድ ነው ያወቅሁት። ሱጁድ ወርዳ፣ ግንባሯን ደፍታ ስትነሣ እጇን መሬት ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀስ ብላ ቀና አለች። እንዲያ የምነሣው እኔ ነኝ። ምን አለሽ ተራ ቁጢጥ ብዬ ቁርጥራጭ ብረት ስለይ ጉልበቴን የጨረስኩት እኔ። እሷ በረኛ ናት። የሴቶች ቡድን ውስጥ ጎል ትጠብቃለች፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ከመሬት ስትነሣ ወፍ ነው የምትመስለኝ።

“ምን ሆንሽ?” አልኳት ሶላቷን ጨርሳ እስክታሰላምት ጠብቄ።

“ምንም።”

“የምን ምንም! እንደኔ ተነሣሽ እኮ።”

“እማዬ ደግሞ፣ ባንቺ ካልወጣሁ በማን ልወጣ?” ብላ ሳቀች።

ሳቋ አላማረኝም። ወጥሬ ስይዛት አወጣችው። ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ከልምምድ በኋላ ያብጣል። ለአሠልጣኟ ትንፍሽ አላለችም። አንድ ትልቅ ክለብ ሊያያት ነው፤ “ጉልበቷ ታማሚ ነው ከተባልኩ አለቀልኝ” አለችኝ።

አለቀ የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። እኔን ሐኪም ያየኝ መራመድ ሲያቅተኝ ነው። ያኔም ያለኝ ይህንኑ ነበር፤ “ዘግይተዋል፣ አልቋል።” በኔ ይብቃ፣ በልጄ አይድረስ ብዬ ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ ራጅ ተነሣች። አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። በኛ ተራ ራጅ የግል ነገር አይደለም፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ወደ ፀሐይ እያነሣ አየው። ጎረቤቴ፣ ከቆርቆሮ የከሰል ምድጃ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ መዶሻቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

“ንጹሕ ዕቃ ነው!” አሉ። “ስንጥቅ የለው፣ ዝገት የለው። ወጌሻ አንዴ ሳብ ቢያደርጋት ይበቃታል።”

“ኧረ ጋሼ፣ ስቦ ቢነቅለውስ?”

“ከነቀለውማ አምጪልኝ፣ እበይድልሻለሁ።”

ተራው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ንጹሕ ከሆነ ለምን ያማታል?

ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ራጁን አየ አየና “ይሄ የሚያሳየው አጥንቱን ነው” አለኝ። “አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ መሀላቸው የተነጠፈ ልም አጥንት አለ። እሱ መጎዳት ሲጀምር ራጅ አያየውም። ራጅ ላይ እስኪታይ ከጠበቅን ብዙው ሄዷል። ኤምአርአይ ግን ገና ሲጀምር ያሳየናል።”

“ቢያሳየንስ ምን ይረባናል?”

“ገና ከሆነ እናተርፈዋለን፣ እናቴ።”

እናተርፈዋለን ያላት ነገር ገባችልኝ። ከዚያ በፊት የነበረውን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ኤምአርአይ ሲባል የገባኝ ልጄን ቱቦ ውስጥ ሊከቷት እንደሆነ ብቻ ነው። ስንወጣ ስለ ማሽኑ ሲያስረዳት ቆየ፤ እኔ ጫማው እንደጠፋበት ሰው መሬት መሬት አይ ነበር።

ፈራሁ። የፈራች እናት ደግሞ የማታደርገው የለም። በእናቴ አገር፣ ወሎ፣ አራስ ሴት ብረት ሳትይዝ ከደጅ አትወጣም፤ ክፉ ነገር ብረት ይፈራል ይባላል። ልጄ አራስ አይደለችም። ግን ዓይን በዝቶባታል። ስትዘል የሚያዩዋት ሁሉ “ወይ አዘላለል!” እንጂ “ማሻአላህ” አይሉም። በምርመራው ዋዜማ ሹሩባ ስሪኝ ብላ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ጫፏ የተሰበረ መርፌ ነበረችኝ፤ ቢስሚላህ ብዬ ከጆሮዋ በላይ ካለው ጉንጉን ውስጥ ሸጎጥኳት። እሷ ስለ አዲሱ ክለብ እያወራች ነበር፤ ምንም አልሰማትም።

በነጋታው ከምርመራው ክፍል ደጃፍ ተቀመጥን። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ባለሙያ መጣች። ልጄ ልብሷን ቀይራ፣ ሻሿን አውልቃ ቆማለች። “የጆሮ ጌጥ? የጸጉር ፔንስ? ሰውነትሽ ውስጥ ብሎን?” ትጠይቃታለች። ልጄም የለም፣ የለም ትላለች።

“ጎበዝ። ውስጥ ያለው ማሽን ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ነው። ትንሽም ብረት ብትሆን ይዞ ይወረውራታል።”

ማግኔት!

ስለ ሌላው ነገር ምንም ብትነግሩኝ አላውቅም፤ ማግኔት ግን እንጀራዬ ነው። ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሲባጎ አስሬ ነው ዕቃ የምለየው። የያዘው ብረት ነው፤ ያልያዘው መዳብ፣ ነሐስ፣ አሉሚኒየም። ሚስማር ከመሬት ተነሥቶ ልጥፍ ሲልበት ስንቴ አይቻለሁ። ያ የጭብጦ ያህል ነው። ይሄ ክፍል የሚያህለውስ? መርፌዋ ከልጄ ራስ ተነቅላ ስትበር ታየችኝ።

ብናገር መሃይም እባላለሁ። ባወጣት ደግሞ ልጄን ያለ ጠባቂ ልሰዳት ነው። በሩ ሊከፈት እጀታው ሲዞር ግን እግሬ ከኔ ቀድሞ ተነሣ። ያ የሚነሣው በስንት ልመና የነበረው ጉልበቴ!

“ቁሙ! ብረት አለባት!”

ባለሙያዋ በሩን መልሳ ገጠመችው። “የት?”

“ራሷ ላይ።”

“እማዬ!” ልጄ ሁለት እጇን ጸጉሯ ላይ ጫነች። “ምን አድርገሽኝ ነው?”

“መርፌ… ለዓይን ብዬ…”

“ላ ኢላሃ ኢለላህ! በመርፌ ሰፍተሽኝ ነው የመጣሁት?”

ጉንጉኑን ፈታሁ። መርፌዋ ወጣች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ቀና ስል ባለሙያዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ታፍናለች። ልጄ ቀድማ ፈነዳች፤ ከዚያ እሷ፤ ከዚያ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች፤ በመጨረሻ እኔ፣ እንባዬ እየወረደ።

“ስለተናገሩ እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ ባለሙያዋ ዓይኗን እየጠረገች። ሌላውን ጉንጉንም አስፈትታ ራሷ ዳበሰች። “ሌላ የለም? ተረከዟ ላይ ሚስማር አልመቱባትም?”

“የለም፣ በአላህ!”

“በሉ እንግዲህ፣ መርፌዋን እርስዎ ይያዙ። ከደጅ ሆና ትጠብቃት።”

ይቺን ንግግሯን እስክሞት አልረሳትም። መርፌዋን በመዳፌ ጨብጬ ተቀመጥኩ፤ በሩ ተዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ጀመረ። ደው ደው ደው! ጠጠጠጠ! ግንቡን አልፎ ይሰማል። አጠገቤ የነበሩት እናት “በስመ አብ” ብለው አማተቡ። እኔ ግን ጆሮዬን አቀናሁ። ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። በርሜል ሲከፈት፣ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ፣ ብረት ሲመታ ነው። ቤታችን ነው እኮ!

በሩ ሲከፈት ባለሙያዋ ራሷን ትነቀንቃለች። “ሰው እዚህ ‘አውጡኝ’ ብሎ ይጮኻል። ልጅዎ ተኛች! ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ፎቶው እንደ መስታወት ጠርቶ ወጣ።”

ልጄ ዓይኗን እያሸች ወጣች። “አለቀ? ምነው ትንሽ ቢጨምሩልኝ።”

ተራ ደርሰን ስናወራው ጎረቤቴ መዶሻቸውን ወደ ላይ አነሡ። “ሰማሽ? ያን ሁሉ ዘመን ሱቅሽ ውስጥ እያስተኛሻት ‘ልጄን እንቅልፍ ነሳችኋት’ እያልሽ ስትረግሚን፣ እኛ ለኤምአርአይ እያዘጋጀንልሽ ነበር! የልፋታችንን አምጪ!” የዚያን ቀን ለተራው ሁሉ ሳምቡሳ ገዛሁ።

ውጤቱን ስንሰማ ግን የሳቀ የለም። ሐኪሙ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። ከጉልበቷ ሎሚ ጀርባ ግራጫ መስመር አለ፤ በመስመሩ ላይ አንዲት ፈዛዛ ነጭ ነጥብ። ልጄ እጄን ያዘችኝ።

“እዚህ ጋ ልም አጥንቱ መለስለስ ጀምሯል” አለ። “አልተቀደደም፣ አልተበላም። ገና ነው።”

“ከቀለም ሥር እንደጀመረ ዝገት ነዋ” አልኩ ሳላስበው።

“ጥሩ ብለዋል። ልዩነቱ ይሄኛው ተፍቆ እንደገና አይቀባም። ያለውን ነው የምንጠብቀው።” ወደሷ ዞረ። “ለጊዜው ዝላይ የለም። የጭንሽን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ትሠሪያለሽ፤ ለአሠልጣኝሽም ትነግሪያታለሽ። በደንብ ከያዝሽው ትጫወቻለሽ።”

“ትጫወቻለሽ?” አለች፣ የሰማችውን እንደማታምን።

“ብያለሁ እኮ።”

ከዚያ ወዲያ ሱቄ ሌላ ሆነ። ልጄ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሣለች፤ “ካንቺ ነው የወረስኩት፣ አብረን እንከፍላለን” ብላ እኔንም ከቁጢጣዬ አስነሥታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። የሐኪሙን ፈቃድ ለኔም ጠየቀችልኝ። ያለቀ ነገር አይመለስም፤ ግን ደረጃ ስወጣ እንደ በፊቱ አላቃስትም። መርፌዋን ስፒከሩ ማግኔት ላይ ለጥፌያታለሁ፤ ከዚያ ወዴትም አትሄድም። አሠልጣኟ ስትሰማ አላባረረቻትም፤ “ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ!” ብላ ጆሮዋን ቆነጠጠቻት።

ከወራት በኋላ፣ ሐኪሙ ፈቅዶላት ወደ ጎሏ የተመለሰች ዕለት ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። የትልቁ ክለብ ሰዎችም መጥተዋል። ኳሷ ስትመጣ፣ ልጄ ከመሬት ስትለቅ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰዉ ጮኸ። “ወይ አዘላለል!” አለ ከኋላዬ አንዱ።

“ማሻአላህ በል!” ብዬው ዓይኔን ገለጥኩ።

ቆማለች። ስትነሣ እጇ መሬት አልነካም፤ ሁለቱም እጆቿ ኳሷን ይዘዋል።