ሞተር ተብሎ የተመዘገበው ከበሮ መቺ

እስቲ የደሪሊስን ባርኔጣ ተመልከቱ። ጠርዙን ፍየል የጋጠችው የገለባ ባርኔጣ ነው። ከፊቱ ላይ አንዲት ነጭ ወረቀት ተለጥፋለች፤ «የፕሮጀክቱ ንብረት። ሞተር። ቁጥር 417» ትላለች። ላብም ዝናብም አላስለቀቃትም። ከመጣልን እርዳታ ሁሉ እውነተኛ ጥራት ያለው የሷ ሙጫ ነው።

ደሪሊስ ሞተር አይደለም። ዕድሜው ስልሳ ሁለት ነው፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይንቋቋል፣ ሲልፋኒ የምትባል ምላሰኛ ሚስት አለችው። በአርቲቦኒት ሸለቆ፣ በእኛ መንደር የደቦ ከበሮ መቺ እሱ ነው። አርባ ሰው ተሰልፎ ሲቆፍር ከፊት ቆሞ ይመታል፣ ያዜማል፤ አካፋ አይነካም። የዘፈኑ ዋና ሥራ ስድብ ነው። የሰነፈውን በስሙ እየጠራ ሙልጭ አድርጎ ይሰድበዋል፤ ስሙ እንዳይነሳ የፈራ ሁሉ ጅራፍ እንደቀመሰ በሬ ይቆፍራል።

የመስኖ ቦያችንን ጎርፍ በደለል ደፍኖት ነበር። የደሪሊስ የሩዝ ማሳ ደግሞ የቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ ሦስት ዓመት ውሃ አላየም። ዘንድሮ ችግኙ በመደብ ላይ አድጎ ይጠብቃል። በወሩ መጨረሻ ካልተተከለ ለፍየል ነው።

ያኔ ነው ፕሮጀክት የመጣው። ፍሪትዝኔል የሚባል ወጣት የእርሻ ባለሙያ አርባ አዲስ አካፋና አንድ ቅጽ ይዞ ከዋና ከተማው መጣ።

«ቶንቶን፣ የያዙት መሣሪያ?» ብሎ ደሪሊስን በአጎት ማዕረግ ጠየቀው።

«ከበሮ።»

«ከበሮ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«ጨምረዋ ልጄ፣ እጅህ ላይ እስክሪብቶ አለ።»

«ቅጹ የተዘጋጀው ውጭ አገር ነው!»

«እንግዲያው እነሱ መጥተው ይቆፍሩ» አለች ሲልፋኒ።

ለደሪሊስ አካፋ ሰጡት፤ ከበሮው ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ቦዩ እንደ ቀንድ አውጣ ተጓዘ። ኦክሲል፣ ያ ታዋቂ ሰነፍ፣ አካፋው ላይ አገጩን አሳርፎ እንቅልፍ ተማረ፤ ማን ይሰድበዋል? ደሪሊስም ሦስት ጊዜ ቆፍሮ አራት ጊዜ ወገቡን ይይዛል።

ፍሪትዝኔል ጠጉሩን ነጨ። «ምን ሆናችሁ? አካፋው አይበቃችሁም?»

«ሞተሩን ዛፍ ላይ ሰቅለህ መኪናው ለምን ቆመ ትላለህ?» አለችው ሲልፋኒ።

ልጁ ክፉ አልነበረም። አሰበና ቅጹን ገለበጠ። መሣሪያ የሚለው ገጽ ላይ «ሞተር፣ አንድ» ብሎ ጻፈ።

«ነዳጅ?» አለ ጭንቅ ብሎት።

«ክሌረን» አለ ደሪሊስ። የሸንኮራ አረቄያችን ነው።

«በቀን ስንት?»

«እንደ ዳገቱ ይወሰናል።»

ወረቀቷን ባርኔጣው ላይ ለጠፈ፤ ከበሮው ከዛፍ ወረደ።

«ኦክሲል አካፋውን፣ አካፋው ኦክሲልን፣
ማን ይዞት እንደቆመ ንገሩኝ እውነቱን!»

ኦክሲል ነቃ። ቦዩም ነቃ። በስምንት ቀን ውስጥ ከደሪሊስ ማሳ ስልሳ እርምጃ ሲቀረው ግን መንግሥት ወደቀ። እኛ መንግሥት መውደቁን የምናውቀው መኪናው ሲቀር ነው። ለእርሻ በዓመት ውስጥ ሦስተኛው ሚኒስትር ተሾመ፣ በተቃውሞ መንገድ ላይ ጎማ ነደደ፣ ፍሪትዝኔል ተጠርቶ ሄደ። በእሱ ፈንታ ዝርዝር የያዘ የንብረት ኃላፊና አንድ አይሱዙ መጡ። ለመስጠት ዓመት የሚፈጅባቸው ለመንጠቅ እንዴት ይፈጥናሉ!

«አካፋ፣ አርባ። ጫኑ። ሞተር 417 የት አለ?»

ሁሉም ወደ ደሪሊስ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ ደሪሊስ ባርኔጣውን እያወለቀ።

ኃላፊው ቁጥሩን አየ፣ ዝርዝሩን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። «ይጫን።»

«ሰውዬ ነው እኮ ሙሴ!» አለ ኦክሲል፤ ሙሴ የምንለው ጌታው ለማለት ነው።

«ወረቀቱ ሞተር ይላል። ሞተር ቢጎድል ከደመወዜ ነው።»

ሲልፋኒ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ውሰዱት! ግን ሌሊት ያንኮራፋል፣ ለማንኮራፋቱም ቁጥር ስጡት።»

ደሪሊስ አልሳቀም። ችግኙን አየ፤ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ስልሳ እርምጃ! አካፋዎቹም ከተጫኑ በምን ይቆፈራል? በጥፍር?

«ሙሴ» አለ በትሕትና፣ «ንብረት ሲረከቡ አስነስቶ ማየት ደንብ አይደለም?»

ኃላፊው ተጠራጠረ፤ ዝርዝሩን አገላበጠ። «... ነው። መፈተሽ አለበት።»

«አካፋውም?»

«አካፋውም።»

ደሪሊስ ከበሮውን አንጠለጠለ፣ ነዳጅ ቀመሰ፣ ጀመረ። አርባ አካፋ ከመኪና ወርዶ አንድ ላይ «ተፈተሸ»። ኃላፊው በፀሐይ ውስጥ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ ደሪሊስ ወደሱ ዞረ፤

«መዝጋቢው መጣልን ዝርዝሩን ይዞ፣
ሞተር ሊጭን ቆሟል በፀሐይ ደንዝዞ!»

መንደሩ ተቀበለው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ። ሰው ነው፣ ስንቱን ይችላል? ኃላፊው ጫማውን አወለቀና ከኦክሲል እጅ አካፋ ነጠቀ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ውሃው ቡናማ ምላሱን አውጥቶ የደሪሊስን ማሳ ላሰ። ሲልፋኒ ቀሚሷን ሰብስባ ችግኝ እየተሸከመች ገባች፤ ወደ ኋላ ዞራም አላየች።

ኃላፊው በጭቃ እጁ ጻፈ፤ «ሞተሩ ይሠራል። ድምፁን መቀነስ አይቻልም። ነዳጅ ያበዛል። ለማጓጓዝ ስለማይመች ባለበት ይቆይ።» አካፋዎቹን ግን ጭኖ ሄደ። አንዷ ብቻ ቀረች፤ ኦክሲል ተኝቶባት ነበር።

እንግዲህ አንተ ቅጽ የምታዘጋጅ፣ አንቺም የምትፈርሚ፣ አገር ቢወድቅ እንኳ ቅጻችሁ አይወድቅምና እባካችሁ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ «እዚህ ሰፈር ሥራ የሚነሳው በምንድን ነው?» የምትል። መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ጫማችሁን አውልቁና ጭቃው ውስጥ ግቡ።