በሥዕሉ ውስጥ የነበረው ጆሮ ጠቢ

የእህቴ ሱቅ ከእህል በረንዳ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ሱቅ ይባል እንጂ በርበሬና እርድ፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጥበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ በኋላ የምውለው እዚያ ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል እህቴ ትሸጣለች፣ እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ እጠቀልላለሁ። መጠቅለያችን በኪሎ የሚገዛ አሮጌ ወረቀት ነው፤ ጋዜጣ፣ የተማሪ ደብተር፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት፣ የመጣው ሁሉ።

የእህቴን ባል አብዮት ጥበቃዎች ከወሰዱት ዓመት አልፎ ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጦ አንድ ነገር ተናገረ አሉ። ምን እንደተናገረ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ እህቴ ቤትም ሱቅም በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ፍርሃቷ አንድ ነው፤ እሷም ከተወሰደች የአምስት ዓመት ልጇ የምትቀረው ለእኔ ነው።

«አንቺማ እንኳን ልጅ ልታሳድጊ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት አፍረሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ የምትሄጂ ነሽ።»

እውነቷን ነው። ሄጄ አውቃለሁ።

በዚያው ሰሞን ከአሮጌው ወረቀት መሀል የፈረንጅ የልጆች መጽሐፍ ወጣ። ሽፋን የለውም። ከዳር እስከ ዳር ባለቀለም ሥዕል ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሏል። የድሮ ዘመን ነገር ነው፤ የድንጋይ ግንብ፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ብረት የለበሰ ወፍራም ጦረኛ፣ ጉንፋን የያዘው ዘንዶ። ዘንዶው ባስነጠሰ ቁጥር የጦረኛው ብረት ይግላል፤ ጦረኛው ቂጡን ይዞ ኩሬ ውስጥ ይዘላል። የእህቴ ልጅ እዚህ ስትደርስ በሳቅ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ሰዎቹ ሲናገሩ ከአፋቸው ነጭ ደመና ይወጣል፤ ደመናው ውስጥ እንግሊዝኛ ተጽፏል። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ቃሎቹን ግን አላውቃቸውም። ልጅቷ አንብቢልኝ ስትለኝ ከራሴ እየፈጠርኩ አነብላታለሁ። እሷን አላፍራትም ነበር።

መጽሐፉ ውስጥ የማልወደው አንድ ፍጥረት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኖቹ ትንንሽ፣ አፉ እንደ ቀንድ ሾጥጦ የወጣ። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ከግንቡ በር ሥር የተዘረጋ ጥላው ብቻ ነው። በሚቀጥለው ገጽ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ኋላ ቆሟል። ከዚያ ከንጉሡ ኋላ። ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ይቆምና የአፉን ጫፍ ጆሮው ውስጥ ይከታል። ቀጥሎ ባለው ሳጥን ውስጥ ያ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ወድቋል። ይሳቅ ይጩኽ አይለይም። ከዚያ ፍጥረት አፍ የሚወጣው ደመና ደግሞ ባዶ ነው፤ አንዲት ፊደል የለበትም። ልጆች እንዲስቁበት የተሣለ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስቀር መጽሐፉን ዘግቼ እቀመጥበት ነበር።

«ይሄስ ማነው?» ትለኛለች ልጅቷ።

«እንጃ» እላታለሁ። ለእሱ ታሪክ መፍጠር አልፈለግሁም።

ከሱቃችን ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚውል አንድ ሰው ነበር። ሥራዬ ይህ ነው ብሎ አያውቅም፣ ሥራውን የማያውቅ ግን የለም። ንጹሕ ካኪ ይለብሳል፤ ሲራመድ አይቸኩልም። መርካቶ ጸጥታ የማታውቅ ናት፤ ተሸካሚው ዞር በል ይላል፣ ደላላው ይጣራል፣ ሚዛኑ ይንቋቋል። ይህ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ግን ጸጥታ ቀድሞት ይመጣል። ከወዲያኛው ሱቅ ወሬ ይቆማል፣ ከዚያ ከቀጣዩ፣ ከዚያ ከጎረቤታችን። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ እንኳ የት እንደደረሰ አውቅ ነበር። እህቴ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ጆሮ ጠቢው መጣ» ትለኛለች።

ልጅቷ ለካ ትሰማ ኖሯል። እኛ ቃሉን ስንሰማ ሰላይ ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የአምስት ዓመት ልጅ ግን እንዳለ ነው የሰማችው፤ ጆሮ የሚጠባ።

ዝናብ ያዘለ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ጨለምለም ብሏል። ጸጥታው መጣ፣ ሰውየውም ተከትሎት ደረሰ። ጥቁር አዝሙድ ጠየቀ። እህቴ በሲኒ መስፈር ጀመረች። ልጅቷ በርበሬው ጆንያ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ» አለችው።

«አቤት፣ የኔ ልጅ።»

«አፍዎን የት አደረጉት?»

ከንፈሩን ዳሰሰ። «አፌን?»

«ረጅሙን። ይኸው እኮ።» መጽሐፉን አንሥታ አሳየችው። «ጆሮ ጠቢው እርስዎ ነዎት አይደል?»

ሲኒው ከእህቴ እጅ ወድቆ አዝሙዱ ተበተነ። ሰውየው አልተቆጣም። መጽሐፉን ከልጅቷ ተቀብሎ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ገጹን ወደ ኋላ ወደ ፊት ገለጠ። ጋጋሪው ላይ ቆየ። ንጉሡ ላይ ቆየ።

«ጓዲት፣ ይህን ስም ማን ነገራት?» አላት እህቴን።

እህቴ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። የወደቁትን የሥዕሉን ሰዎች መሰለችኝ። ያኔ የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሥዕሉ ላይ ያለው ሐኪም ነው። ዋግምት የሚያደርግ።»

«ምን የሚያደርግ?»

«ዋግምት። በቀንድ መጥፎ ደም እንደሚጠቡት። ይሄ ደግሞ ከጆሮ ነው የሚጠባው። ጆሮውን ያመመው ሰው ያስጠራዋል።»

«ተጽፏል?»

«ተጽፏል። እዚህ ላይ።»

ጣቴ ያረፈው ባዶው ደመና ላይ ነበር። ባዶ መሆኑን ሳይ ጣቴን መመለስ አልቻልኩም። ሰውየው ወደ ሥዕሉ አጎነበሰ። ያንን ነጭ ቦታ ከቀኝ ወደ ግራ ይሁን ከግራ ወደ ቀኝ እንጃ፣ ዓይኖቹ በመስመር በመስመር ሲሄዱበት አየሁ።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «ተጽፏል።»

ወደ መንገዱ ዞር ብሎ ተመለከተና ከልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለ። ድምፁ ወርዶ የእህቴን ሹክሹክታ መሰለ።

«እስቲ የኔን እይልኝ። ይኸኛውን። ሌሊት አላስተኛኝ ብሏል።»

ልጅቷ ትከሻውን ተደግፋ አንድ ዓይኗን ጆሮው ላይ ገጠመች።

«ምን አለ?»

«ሰዎች አሉ።»

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ። ያወራሉ።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። «ምን ይላሉ?»

እህቴ ወገቤን ጨመቀችኝ። ልጅቷ ዓይኗን ነቅላ በምትኩ ጆሮዋን አስጠጋች፣ አዳመጠች።

«አይሰማም» አለችው። «በር ተዘግቶባቸዋል።»

ሰውየው ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ ተነሣ። አዝሙዱን ሳይወስድ ወጣ።

እህቴ ሱቁን ዘጋች። ቤት እንደገባን የልጅቷን ልብሶች በነጠላ ቋጠረች፣ ሽሮው የት እንዳለ፣ ከጎረቤት የትኛዋን ማመን እንዳለብኝ ነገረችኝ። «ወራጅ አለ ማለት አስተምሪያት» አለችኝ፤ «አንቺ ባትችይ እሷ ትላለች።» ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እሷ አለቀሰች። ቋጠሮው በሩ ሥር ተቀምጦ ሰነበተ። መኪና በቆመ ቁጥር እህቴ ጫማዋን ታጠልቃለች። ማንም አልመጣም።

ሰውየው ከሻይ ቤቱ ጠፍቶ ከረመና አንድ ጠዋት ጸጥታው እንደገና ሱቅ በሱቅ ሲመጣ ሰማሁ። በቀኝ ጆሮው ጥጥ ወትፏል። ከስቷል።

«ጓዲት፣ ልጅቷ አለች?»

 ልጅቷ ከኋላዬ ወጥታ ወደ እሱ ሄደች። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ጥጡን ነቀለ። መንገዱ ላይ ጆንያ የተሸከሙት ሳይቀሩ ቆመው ነበር። እህቴ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባ። ልጅቷ እንደ በፊቱ ዓይኗን ገጠመች፣ ብዙ ቆይታ አየች።

«ተኝተዋል» አለችው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እንዳይነቁ ቀስ ብለው ይሂዱ።»

ጥጡን በጥንቃቄ መልሶ ወተፈና ተነሣ። በጫማው ጫፍ እየረገጠ፣ ራሱን ቀጥ አድርጎ፣ ሙሉ ማሰሮ እንደተሸከመ ሰው በተሸካሚዎቹ መሀል አለፈ። የሳቀ የለም። እሱ ካለፋቸው በኋላ ሱቆቹ ወሬያቸውን አንድ በአንድ ቀጠሉ፤ የጎረቤታችን ድምፅ ሲሰማ እህቴ ክንዴን ለቀቀችው።