ኒኬል ሲፈልጉ ያገኙት ውሃ

መንደራችን ወላይታ ውስጥ ነው፤ ከቦምቤ ከተማ በሞተር ይደረሳል፤ ዝናብ ከጣለ ግን በእግር ብቻ ነው። ከማዶ ለሚያይ ሰው መንደር አይመስልም። ቤቶቹን እንሰቱ ስለሚሸፍናቸው የሚታየው ቅጠል ነው፤ በቅጠሉ መሀል እዚህም እዚያም ቆርቆሮ ብልጭ ይላል። ቆርቆሮ ያለው ቤት፣ ልጅ ከተማ ሄዶ የላከለት ቤት ነው። የእኛ ቤት ሣር ክዳን ነው።

ከቤቶቹ በላይ ጉብታ አለ። አፈሩ ከሌላው ይለያል፤ ቀይ ሆኖ ወደ ጥቁር ያደላል። በቆሎ ቢዘራበት ጉልበት ሳይደርስ ይቀራል። ጎዳሬ እንኳ፣ እኛ ቦይና የምንለው፣ እዚያ ላይ ይኮሰምናል። ስለዚህ ማንም አይፈልገውም ነበር። ጥጃ እናስርበታለን፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሌላ ጥቅም አልነበረውም። የማዕድን ፍለጋ መኪኖቹ የመጡት ለዚያ ጉብታ ነው።

ኒኬል የሚባል ነገር ይፈልጋሉ ተባለ። ቃሉን ከዚያ በፊት የሰማሁት ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። መንደሩ ዱቡሻው ላይ ተሰበሰበ። ዱቡሻ ሰው የሚመክርበት፣ የሚታረቅበት፣ ለቅሶም የሚቀመጥበት የጋራ ሣር ሜዳችን ነው። የፍለጋው ኢንጂነር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። ወላይትኛ አይሰማም። ያኔ የሚያስተረጉምለት ታላቅ ወንድሜ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ "ይበላል?" አሉ።

"አይበላም፣ አባቴ" አለ ኢንጂነሩ። ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ሰጣቸው። "እንዲህ ያለው ውስጥ ይገባል። ለመኪና ባትሪም ይሆናል።"

ሽማግሌው ሳንቲሙን አገላብጠው አዩት። "ታዲያ ከእኛ ጉብታ አውጥታችሁ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያደክማችኋል? እዚሁ ሥሩትና እዚሁ እንጨርሰው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ ለማስተርጎም ሳቁን መዋጥ አቅቶት ነበር። ሽማግሌው ሳንቲሙን አልመለሱም።

ከዚያ በኋላ መንደሩ መጠበቅ ጀመረ። መብራት ይገባል፣ መንገዱ ጠጠር ይለብሳል፣ ልጆቻችን ሥራ ፍለጋ ሶዶና አረካ መንከራተት ይቀርላቸዋል ተባለ። ጎረቤታችን መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፈተች። በካርቶን ላይ "ኒኬል ሻይ ቤት" ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። እስክርቢቶው ስላለቀብኝ የመጨረሻው ፊደል ፈዝዟል። እስካሁን ትወቅሰኛለች።

ወንድሜ ሥራ ያዘ። የመቆፈሪያ ማሽኑ ድንጋዩን እንደ ሸንኮራ አገዳ ክብና ረጅም አድርጎ ከመሬት ያወጣዋል። ኮር ይሉታል። ወንድሜ ኮሩን አጥቦ በእንጨት ሳጥን በተራ ይደረድራል። ሲመለስ ጥፍሩ ውስጥ አረንጓዴ ጭቃ አይጠፋም። እናቴ "ከመሬት ሆድ የወጣውን ይዘህብኝ አትግባ" እያለች ደጅ ታስታጥበዋለች። ትስቅ ነበር። ይህን የምጽፈው ትስቅ እንደነበር እንዳይረሳ ነው።

ስለ ውሃው ደግሞ መናገር አለብኝ። የመንደራችን ውሃ ድሮ ከወንዝ ነበር። ወንዙ ከጉብታው ማዶ ገደል ውስጥ ነው። ሲወርዱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ሲወጡ ጀሪካኑ ጀርባ ይቆርጣል። በበጋ ውሃው ቀጥኖ ከከብት ጋር ይጋፉበታል፤ በክረምት ጭቃ ይሆናል፣ መንገዱም ያንሸራትታል። እርጉዝ ሆና ወድቃ ልጅዋን ያጣች ሴት አለች። ሻይ ቤት የከፈተችው ጎረቤታችን ናት።

ማሽኑ ጉብታው ላይ ሲቆፍር ከአንዱ ጉድጓድ ውሃ ገንፍሎ ወጣ። ሠራተኞቹ ተናደዱ፤ ለእነሱ ሥራ የሚያበላሽ ነገር ነው። ሴቶቹ ግን ጀሪካን ይዘው እየሮጡ መጡ። ወንድሜ ኢንጂነሩን ለምኖ ቧንቧ አስገባበት። ዙሪያውን በጎማ ቁራጭና በድንጋይ ጠቀጠቀው፣ አፉን ወደ ታች አጎነበሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃው አልቆመም። የውሃ ባለሙያዎች መጥተው በጠርሙስ ወሰዱ፤ ቆይተው "ይጠጣል" አሉ።

"ይህን እስክትነግሩን የጠጣነውን ታዲያ ምን እናድርገው?" አለቻቸው ጎረቤታችን።

ወንድሜን ኢንጂነሩ የወደደው በዚያ ጉድጓድ ምክንያት ነው። እጁ ያውቃል አለ። የሥራው ግማሽ ወደ ኦሞ ቆላ ሲወርድ ከመንደራችን የወሰደው እሱን ብቻ ነበር። ሄደ። ሲመለስ እያተኮሰው ነበር። ብርድ ነው አለን። እኛም ብርድ ነው ብለን ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ሰጠነው። ወባ ነበር። ሰውነቱ ሲከብድ በሞተር መሀላችን አድርገን ቦምቤ አወረድነው፤ ከዚያ ሚኒባስ ወደ ዱቦ ሆስፒታል ይዞን ሄደ። ሳንደርስ አረፈ። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ረዳቱን "ድምፅ ቀንሱ" አልኩት፤ ዘፈን ከፍተው ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ዱቡሻው ላይ ሆነ። መቀመጫ ስላነሰ ሰዎች ባዶ የኮር ሳጥኖችን ከጉብታው አውርደው ተቀመጡባቸው። የቡና ቅጠል እየተፈላ መጣ፣ ቦይና ተቀቀለ። ሁሉም የተቀቀለው በጉድጓዱ ውሃ ነው። ኢንጂነሩም መጣ። እናቴ እጇን ሰጠችው፤ ፊቱን አላየችውም።

የለቅሶው ድንኳን ሲነሳ እናቴ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ወንዝ ወረደች። የጉድጓዱን ውሃ ተወች። ጎረቤቶች ቀድተው ደጃችን ቢያስቀምጡላት አትነካውም። አንድ ጊዜ ብቻ ምክንያቷን ነገረችኝ። "ያን ውሃ ባያወጣ ኖሮ ስሙ አይጠራም ነበር። ስሙ ባይጠራ ቆላ ማን ይወስደው ነበር?" አለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስለነበርኩ በወንድሜ ምትክ እኔን ቀጥረው የጥበቃ ሥራ ሰጡኝ፤ የማስተርጎሙም ሥራ ወደ እኔ መጣ። የምጠብቀው ደግሞ ጉብታውን፣ ጉድጓዱንም ጭምር ነው። ጠዋት ከእሷ ጋር ወንዝ ወርጄ እወጣለሁ፣ ከዚያ ጉብታው ላይ ሄጄ ቧንቧው ሲፈስ እሰማለሁ።

ከዚያ ኢንጂነሩ መንደሩን ጠራ። ዱቡሻው ሞላ። ኒኬሉ አለ፣ ግን ስስ ነው፣ ለማውጣት አያዋጣም አለ። ሥራው ተዘግቷል። መኪኖቹ ይሄዳሉ። ይህን ስተረጉም የደነገጠ የለም። ደንቡ እያንዳንዱ ጉድጓድ በሲሚንቶ ይደፈን ይላል፤ ውሃ የሚወጣበትም ጉድጓድ ነው፣ ይደፈናል አለ። እዚህ ላይ መተርጎሜን አቆምኩ።

"ንገራቸው እንጂ" አለኝ።

ነገርኳቸው። እሱም ቀጠለ። "መንደሩ አይደፈን ካለና ቀበሌው በፊርማ ከተረከበው ግን ክፍት ልተወው እችላለሁ። ሲሚንቶው ሐሙስ ይመጣል። ምን ይላሉ?"

ይህንንም ተረጎምኩ። በእኛ ዘንድ አዲስ ሐዘንተኛ በተቀመጠበት ምክር ላይ፣ ነገሩ እሱን የሚነካ ከሆነ፣ ማንም ቀድሞት አይናገርም። ይህን የጻፈው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጉድጓዱ የወንድሜ እጅ ነው። ወንዶቹም ሴቶቹም እናቴን አዩ። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ተነስታ ሄደች። ሰውም አንድ በአንድ ተነስቶ ልብሱን አራግፎ ሄደ።

ኢንጂነሩ ባዶውን ሜዳ ያያል። "ምን አሉ?"

"ምንም አላሉም።"

"ታዲያ የት እየሄዱ ነው?"

"ወደ ቤታቸው።"

"ውሃውን አይፈልጉትም ማለት ነው?"

"ይፈልጋሉ" አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ሳይገባው።

በቀጣዮቹ ቀናት ሰው ሁሉ እኔን መንገድ ላይ ይይዘኝ ጀመር። ስለ ጉድጓዱ የሚያነሳ የለም። ስለ እናቴ ጤና ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ እጄን ይዘው ይቆያሉ። ሽማግሌው "እናትህ እህል ትቀምሳለች?" ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይሰሙ ሄዱ። ሻይ ቤት ስገባ ጎረቤታችን ሻይ ቀዳችልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ብርጭቆ ታብሳለች፣ የታበሰውንም ደግማ ታብሳለች።

"ለምን ለእናቴ ራስሽ አትነግሪያትም?" አልኳት።

"እኔ?" አለች። "እኔ የእሷን ልጅ ውሃ እየጠጣሁ፣ እሷ ወንዝ እየወረደች፣ በየትኛው አፌ? ተወኝ አንተ ልጅ። ሻይህን ጠጣ።"

ሻይው በጉድጓዱ ውሃ የተፈላ ነበር። ጠጣሁት።

እኔም ለእናቴ አልነገርኳትም። ለመንደሩ ብዬ ብለምናት ልጇን የሸጥኩባት ይመስለኝ ነበር። ዝም ብል ደግሞ ያቺን ገደል እነዚያ ሁሉ ሴቶች እንደገና ይወርዱታል። ሥራዬ የሰውን ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ሆኖ ሳለ የራሴን ቃል ከእኔ ወደ እናቴ ማሻገር አቃተኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከወንዝ ስንወጣ እናቴ ዳገቱ መሀል ቁጭ አለች። ጀሪካኑን ከጀርባዬ አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከላይ የቧንቧው ድምፅ አይሰማም፤ የሴቶቹ ጫጫታ ግን ይሰማል። ወረፋ እየተጣሉ ነው።

"ነገ ይደፍኑታል አይደል?" አለች።

"ሲሚንቶው ነገ ነው የሚመጣው።"

"እነዚያስ ምን አሉ?" ወደ ላይ በአገጯ አሳየችኝ።

"ምንም አላሉም።"

"እንዴት ምንም? ያን ሁሉ ሲጠጡ ከርመው?"

"አንቺን እየጠበቁ ነው። አንቺ ሳትናገሪ አንናገርም ብለው ነው።"

ወደ እኔ ዞረች። "የተነሱት እኔን ተከትለው ነው?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ከሄድኩ በኋላ ጉዳዩን ጨርሰው የተነሱ መስሎኝ ነበር። የልጄን ነገር ረስተው፣ ከሲሚንቶው ጋር ተስማምተው። ማንም አልተናገረም? ያቺ ምላሷ የማያርፈው ባለ ሻይ ቤቷም?"

"እሷም።"

እናቴ ከለቅሶው በኋላ አላለቀሰችም ነበር። እዚያ ዳገት ላይ አለቀሰች። ብዙም አልቆየችም። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ "ተሸከም" አለችኝ።

ሐሙስ ዱቡሻው ላይ ሰው ተቀምጦ ጠበቀ። የሲሚንቶው መኪና ጉብታው ሥር ቆሟል። እናቴ ቆማ ነው የተናገረችው። "ጉድጓዱ አይደፈን። ልጄ ቧንቧውን ለሰው ብሎ ነው ያጎነበሰው፣ ሰው ይጠጣ" አለች። ይህን ለኢንጂነሩ ተረጎምኩለት። እሷ ቀጠለች። "እኔ ግን ከዚያ አልቀዳም። አልችልም። አንዳችሁም ቅጂ ብላችሁ እንዳትለምኑኝ። እናንተ እኔን እንደጠበቃችሁኝ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምተውላችሁ፤ ይህቺን ብቻ ተዉልኝ።"

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ሽማግሌው "ይሁን፣ ይሁን" ይላሉ።

"ሌላስ ምን አሉ?" አለኝ ኢንጂነሩ።

"ሌላው ለእኛ ነው" አልኩት።

አልተቆጣም። ቀበሌው ፈረመ፤ ሌሎቹ ጉድጓዶች ተደፈኑ። አሁን ጉብታው ላይ የሲሚንቶ ጉቶዎች አሉ፤ ልጆች ለኳስ ግብ ያደርጓቸዋል። መብራት አልገባም። መንገዱ እንደነበረው ነው። የጥበቃ ሥራዬም አብሮ አለቀ። ውሃው ይፈስሳል።

እኛ ወንዝ እንወርዳለን። እናቴ ብቻዋን እንድትወርድ አልፈልግም፤ ጀሪካኑን በእንሰት ቃጫ ገመድ ጀርባዬ ላይ አስሬ እኔ እሸከማለሁ። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሸከም በእኛ አገር ያስቃል። ጎረቤታችን ከሻይ ቤቷ ደጅ ሆና፣ "ሙሽሪት፣ ጎንበስ በይ እንጂ፣ አማትሽ እያየችሽ ነው!" ትለኛለች። ወረፋ ላይ ያሉት ይስቃሉ። እናቴ ከፊቴ ዝም ብላ ትሄዳለች። ቧንቧው ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ሳቃቸውን ትተው መንገድ ይለቁላታል፤ ሰላም ይሏታል፣ ሰላም ትላቸዋለች። ከዚህ ቅጂ የሚላት የለም። እኔም አልላትም። ትከሻዬ ገመዱን ለምዷል፣ የወንድሜን ውሃ አልፎ መሄድን ግን ገና አልለመድኩም፤ ከቧንቧው እስከ ቤታችን ያለችው አጭር ሜዳ ከዳገቱ ሁሉ ትረዝምብኛለች።